የብርቄን ፊልም ፍለጋ እስከ ደካ

ወደ ከፋ የሄድኩት ጫካውን ለማየት አልነበረም። ጫካውን ያየሁት በሚኒባስ መስኮት ነው፤ ያውም መስታወቱ በትንፋሽ ሲሸፈን በክርኔ እየጠረግኩ። ስለዚህ ስለ ዱር ቡናና ስለ ፏፏቴ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ከእኔ ብዙ አያገኝም። የሄድኩት አንድ ፊልም ለማምጣት ነበር። ሲቲ ስካን ተነስቶ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ጥቁር፣ ሰፊ፣ በትልቅ ፖስታ ተደርጎ «እንዳይጠፋ» ተብሎ የሚሰጠው ዓይነት ነው። መንገዱን እንደሄድኩት በየቀኑ ከፍዬ ጻፍኩት።

ሐሙስ

የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የምርመራ ማዕከል ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የሰው ሆድና ደረት በጥቁርና ነጭ አያለሁ። በሽተኛውን ራሱን የማየው ከስንት አንዴ ነው። ብርቄን ግን በየቀኑ አያታለሁ፤ የማዕከላችን የጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ የቦንጋ ልጅ። መስከረም ላይ ሆዷን ቆረጣት። የጨጓራ ነገር ነበር፣ በመድኃኒት ለቀቃት። ግን ባልደረቦቿ «እዚሁ እየሠራሽማ ሳትታዪ አትቀሪም» ብለው አልትራሳውንድ አስነሷትና ጉበቷ ላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት ተገኘ።

ሲቲ ስካን፣ ቀጥሎም ኤምአርአይ አነሳናት። እብጠቱ መሐሉ ላይ እንደ ኮከብ የተሰነጣጠቀ ጠባሳ አለው። እንዲህ ያለ ጠባሳ የሚያሳዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ጉበት ራሱ ያለቦታው የሚያበቅለው፣ ማንንም የማይገድል እብጠት ነው፤ በብዛት የሚታየው በሴቶች ላይ ሲሆን ከተገኘም እንዲሁ ይተዋል። ሁለተኛው እምብዛም የማያጋጥም ካንሰር ነው። የምንለያቸው በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም ዘግይቶ ጠባሳው ውስጥ መግባት አለመግባቱን አይተን ነው። የብርቄ ጠባሳ ግማሹ ተቀበለ፣ ግማሹ አልተቀበለም። የጉበት ሕዋስ ለይቶ የሚወስደው ሌላ ቀለም ቢገኝ ነገሩ ይለይለት ነበር፤ ፈልገን አጣነው። እኔም በሪፖርቱ መጨረሻ «ካንሰር አይደለም ማለት አይቻልም» ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ ስህተት የለበትም። ግን እንዲህ ያለው አጻጻፍ ከበሽተኛዋ ይልቅ ጸሐፊዋን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ቀዶ ሐኪሞቹ በመርፌ መውጋቱ ሊያደማ ይችላል፣ ከጉበቷ ላይ ተቆርጦ ይውጣ አሉ። አልጋ ለሰኞ ተያዘላት።

ረቡዕ ዕለት ብርቄ ክፍሌን እየወለወለች «ዶክተር፣ እኔ እኮ ከዚህ በፊትም ተነስቻለሁ» አለችኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ቦንጋ ላይ ባጃጅ ገጭቷት ወደ ሌላ ከተማ ተልካ ሆዷን በሲቲ ስካን ታይታ ኖሯል። ብዕሬን አስቀመጥኩ። እብጠቱ ያኔም ከነበረና መጠኑ ያው ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ያ ካንሰር ስድስት ዓመት ሙሉ ሳያድግ አይቀመጥም። ያኔ ካልነበረ ግን መቆረጧ ግድ ነው።

«ፊልሙ የት አለ?»

«ጋሽ ኃይሌ ጋ።»

ጋሽ ኃይሌ በእሷና በባጃጅ ነጂው መካከል የሸመገሉ ሰው ናቸው። እርቁ ሲያልቅ ፊልሙን በፖስታ አሽገው ወስደውታል፤ ማስረጃው ከሁለቱም እጅ ከወጣ ነገሩን ዳግም የሚያነሳ አይኖርም ብለው። ወደተነሳችበት ቦታ ደወልኩ፤ የያኔው ኮምፒውተር ተቀይሯል፣ ቅጂ የለም አሉኝ። ጋሽ ኃይሌ ጋ ደወልን። «ልጄ፣ ይሄ በስልክ የሚከፈት ነገር አይደለም። ሰው ይምጣ» አሉ። ብርቄ የደምና የልብ ምርመራ ይቀራት ነበር፣ ቦንጋም የሚላክ ዘመድ የላትም። ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድ የነበረኝ እኔ ነኝ። ወክዬአታለሁ ብላ ወረቀት ላይ ፈረመችልኝና «መንገዱ እንዳያደክምዎት» አለች። የሚቆረጠው የእሷ ጉበት፣ የምታስበው ለእኔ ወገብ።

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ተነሳሁ። እስከ ወልቂጤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ትከሻዬ ላይ ተኙ፤ ወልቂጤ ሲነቁ ይቅርታ ሳይጠይቁ ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ፣ ይቅርታው እሱ መሆኑ ገባኝ። የጊቤ ቁልቁለት ላይ ሹራቤን አወለቅኩ፣ ዳገቱን ስንጨርስ መልሼ ለበስኩ። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ እኛ ጋ ሹራብ አንዴ ከተለበሰ እስከ ማታ አይወልቅም። ጅማ ያደርኩበት ሆቴል አልጋው ንጹሕ፣ ቧንቧው ደረቅ ነበር። ተቀባይዋ በባልዲ ውኃ አምጥታ «ሙቅ ነው» አለችኝ። ለብ ያለ ነበር፤ ግን ሦስት ፎቅ ተሸክማ የወጣችውን ሴት ሙቅ አይደለም ማለት አልቻልኩም።

ዓርብ

ከጅማ ቦንጋ ያለው መንገድ አስፋልት ነው። ሻንጣዬ ጣራ ላይ ወጣ፣ ሸራ ይለብሳል ተባልኩ። ጎጀብን ተሻግረን ዝናቡ ሲጀምር ሸራው ያለው ሾፌሩ መቀመጫ ሥር መሆኑን አየሁ። ስናገር ሾፌሩ በትሕትና «ሲዘንብ እናለብሳለን፣ አሁን ደግሞ እየዘነበ ስለሆነ መውጣት አይቻልም» አለኝ። ቦንጋ ስደርስ ካንድ ቀሚስ በቀር ያልራሰ ልብስ አልነበረኝም።

ከተማው ዳገት ላይ ነው። ባጃጆቹ እያቃሰቱ ይወጣሉ፣ ሲወርዱ ሞተር የሚያጠፉም አሉ። ብርቄን የገጫት እንዲህ ሲወርድ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ሐኪም ሲባል ምክንያት መፈለግ አይተውም። ከባጃጅ ስወርድ የግራ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። አዲስ አበባም ጭቃ አለ፤ የቦንጋው ግን የያዘውን ቶሎ አይለቅም።

ጋሽ ኃይሌ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ኮታቸው ተቆልፏል፣ ኪሳቸው ላይ ሁለት ብዕር አለ። ባለቤታቸው እትዬ አበበች እኔን ከማናገራቸው በፊት ጫማዬን ከእግሬ አውልቀው ወሰዱት። ለባላቸው በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ አንድ ነገር ተናገሩ፣ እሳቸው ሳቁ። «ሐኪም ሆና ስለ እግሯ አታውቅም እያለች ነው» ብለው ተረጎሙልኝ። ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበ። ቆጮ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስሸራርፈው ያዩት እትዬ አበበች በአማርኛ «እንደ ዳቦ አይደለም፣ አጥብቀሽ ያዢው» አሉኝ። አጥብቄ ይዤ በላሁ፣ ተደገመልኝ።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባን። ጋሽ ኃይሌ ከአልጋ ሥር ሻንጣ ጎትተው በላስቲክ የተጠቀለለ ፖስታ አወጡ። መክፈቻው ሁሉ በፕላስተር ተለጥፏል፣ በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ፊርማ አለ። እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ፖስታውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ለእርስዎ አልሰጥም፣ ዶክተር።»

«ብርቄ እኮ ፈርማልኛለች።»

«ያ የብርቄ ግማሽ ነው። የጀማልስ?»

ጀማል የባጃጅ ነጂው ነው። አሁን ደካ ከተማ፣ በጌሻ ወረዳ፣ ሱቅ ከፍቷል። ሁለቱ ወገን ወይም ወኪላቸው በሌሉበት እንዳይከፈት ቃል ተገብቶበታል። እኔ ስለ ሰኞው ቀጠሮ ተናገርኩ፣ ስለ ጠባሳው ተናገርኩ፣ ድምፄም ትንሽ ሳይጮህ አልቀረም። ጋሽ ኃይሌ ክፍል ውስጥ የሚረብሽ ተማሪ እንደሚሰሙ ሆነው ሰሙኝ።

«እኔ ዛሬ ለእርስዎ ደግ ምክንያት ብዬ ብከፍተው፣ ነገ ለሌላው ክፉ ምክንያት እከፍታለሁ። ያን ጊዜ እዚህ አገር ማን እርቅ ያምናል?»

ተናደድኩ። መሥሪያ ቤት ሄጄ ደብዳቤ አሟይ የተባልኩ መሰለኝ። ወዲያው ግን «እንግዲያስ ነገ ደካ አብረን እንሄዳለን» አሉና ባለቤታቸውን ካፖርት አስወጡ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ዕድሜ። ንዴቴን የማደርግበት ጠፋኝ።

እትዬ አበበች ጫማዬን ምድጃ አጠገብ አስቀምጠውት ነበር። ስናስታውሰው የግራው ሶል ተጣምሞ አፍንጫውን ወደ ላይ አቅንቷል። ሴትየዋ ደነገጡ፣ እኔ ሳቅኩ፣ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። የራሳቸውን የላስቲክ ቦቲ ሰጡኝ፤ በአንድ ቁጥር ይሰፋኛል።

ቅዳሜ

የደካን መንገድ አጭር ነው ያሉኝ ሰዎች መንገዱን የሚያውቁት ሲደርቅ ነው። ሁለት ቦታ ወርደን ገፋን። በቦቲ ምክንያት ከተሳፋሪው ሁሉ የተሻልኩ ገፊ እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ጋሽ ኃይሌ አይገፉም፤ ፖስታውን ካፖርታቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ ይዘው ጥግ ቆመው ለሾፌሩ መመሪያ ይሰጣሉ። ልያዝልዎ ብዬ ነበር፣ እምቢ አሉኝ። ደካ እርጥብ፣ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ከተማ ነው፤ ጭጋጉ ደብረ ብርሃንን አስታወሰኝ፣ አረንጓዴው ግን አልመሳሰል አለኝ።

የጀማል ሱቅ ሳሙና፣ ደብተር፣ ባትሪና ጨው ይሸጣል። ሠላሳ አምስት ቢሞላው ነው፣ ጢሙን ያሳደገ ቀጭን ሰው። ጋሽ ኃይሌን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። ፖስታውን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ። ሰላምታ ሳንጨርስ «ምን ሆነች?» አለ።

ሻይ አስመጣልን። ጋሽ ኃይሌ ማንነቴን ነገሩት፣ እኔ ደግሞ እብጠቱን። የእርቁን ቃል የሰማሁት እዚያ ነው፤ እሷ አትከስም፣ እሱ ቦንጋ ላይ ባጃጅ አይነዳም፣ ስለ ነገሩም ሁለቱ አይነጋገሩም። ባጃጁን ሸጦ አጎቱ ጋ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

«ዶክተር፣ እኔ ስለገጨኋት ነው ጉበቷ የታመመው?»

ጋሽ ኃይሌ አዩኝ። አይደለም ይበሉት እንደማለት ነበር አስተያየታቸው። እኔም ማለት እችል ነበር፤ ግጭት እንዲህ ያለ እብጠት እንደማያመጣ አውቃለሁ። ግን ይሄ ሰው ስድስት ዓመት ያሰበበትን ነገር በአንድ ቃል አልፌው ፊልሙ ላይ ምንም ባላገኝስ? እብጠቱ ከአደጋው በኋላ የመጣ ሆኖ ቢገኝ ከዚያ በኋላ ማን ብሎ ያምነኛል?

«ግጭት አያመጣውም» አልኩት። «ግን ያኔ ይኑር አይኑር ሳላይ አላውቅም። ከነበረ ካንሰር አይደለም፣ ከአንተም አልመጣም፤ ይህን በዓይንህ ታያለህ። ካልነበረ ለእሷ ክፉ ነው። አንተም ቃሌን ብቻ ይዘህ ትቀራለህ።»

አንዲት ሴት ሳሙና ልትገዛ ገባች። ጨው ሰጣት። እሷ መልሳ ሰጠችው፣ እሱ ይቅርታ ጠይቆ ሳሙናውን አነሳ።

«ካልተከፈተስ?»

«ሰኞ ትቆረጣለች።»

«በከንቱ ሊሆን ይችላል?»

«ሊሆን ይችላል።»

ምላጭ ከመደርደሪያው አውጥቶ ለጋሽ ኃይሌ ሰጣቸው። እሳቸው ደግሞ መልሰው ለእሱ ሰጡት፣ እኔ አልከፍትም፣ አንተ ክፈት ብለው። ፕላስተሩን ጎን ለጎን ቀደደ።

ፊልሙን አወጣሁት። መሐል ለመሐል ታጥፏል። ያ እንኳ ምንም አይደል፤ ፊልሙ ላይ በወይን ጠጅ ቀለም ሁለት የአውራ ጣት አሻራ አለ። ሁለቱም ጣታቸውን በማኅተም ቀለም ነክረው ተጭነውበታል። በአንድ ፊልም ላይ ሆዱ ከላይ እስከ ታች ተቆራርጦ በትናንሽ ሥዕል ይደረደራል። ሁለቱ አሻራዎች ያረፉት ጉበት ያለባቸው ረድፎች ላይ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፊልሙ እንዳይቀየር ነዋ» አሉ ጋሽ ኃይሌ። «ፖስታ ይቀየራል። ጣት ያረፈበት ፊልም አይቀየርም።»

አሠራሩ እንከን የለውም፤ ሥዕሉ ሊነበብ እንደሚፈለግ ብቻ አላሰቡም። ከጀማል ሱቅ የእጅ ማጽጃ አልኮልና ጥጥ ወሰድኩ። መጀመሪያ ባዶውን ጠርዝ ሞከርኩት፤ ጥቁሩ አልለቀቀም። ወደ አሻራው ስጠጋ ጋሽ ኃይሌ እጄን ያዙ። ጣት የሚያጠፋው ጣቱን ያሳረፈው ሰው ነው አሉ። ጀማል ጥጡን ከእጄ ወሰደና የራሱን ማሸት ጀመረ። ሥር የሰደደ ቆሻሻ እንደሚያጸዳ ሰው ቀስ እያለ፣ ጥጡን እየቀየረ፣ የፊቱ ላብ ፊልሙ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቱን እያዞረ። ጥጡ ወይን ጠጅ እየሆነ፣ ፊልሙ እየጠራ ሄደ።

የብርቄ ቀረ። እኔ ወኪሏ ነኝ ብል ጋሽ ኃይሌ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለመክፈት እንጂ ለማጥፋት አልወከለችዎትም። ኔትወርክ ያለው ሱቁ በር ላይ ነው። ደወልን፣ ድምፁን ከፈትነው፣ ሽማግሌው ነገሩን በሥርዓት አስረዷት። ብርቄ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ «ጀማል አለ?» አለች።

ጀማል ጋሽ ኃይሌን አየ። እሳቸው ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

«አለሁ።»

«ደህና ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንቺስ?»

«አለሁ። የእኔንም አንተው ጥረገው።»

ጠረገው። ፊልሙን ወደ በሩ ወሰድኩት። ደመናው ነጭና እኩል ስለነበረ ቢሯችን ካለው የመብራት ሰሌዳ አላነሰም። መጀመሪያ ምንም አላየሁም፤ ጉበቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ከዚያ እጥፋቱን በሁለት አውራ ጣቴ አቃናሁት። እዚያ ነበር። እብጠቱ ራሱ ከጉበቱ ቀለም ጋር ተመሳስሎ ጠፍቷል፣ ጠባሳው ብቻ እንደ ኮከብ ጠቁሮ ይታያል። ያን ጊዜ ያነበበው ሐኪም የሚፈልገው የደም መፍሰስ ነበር። እኔም ብሆን አልፌው ነበር።

ከመደርደሪያው የተማሪ ማስመሪያ አስወርጄ በሥዕሉ ጎን ካለው መለኪያ ጋር አመሳከርኩ። ሦስት ጊዜ ለካሁ። በስልኬ ከያዝኩት ከአሁኑ ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ የብዕር ጫፍ አይሞላም።

«አለ» አልኩ። «ያኔም አለ። ያው ነው።»

ጀማል «የቱ?» አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። ዓይኑን አቅርቦ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ የጨው ከረጢት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ብርቄ «ዶክተር? ዶክተር ምን አሉ?» ትላለች። ደስ አለኝ፤ በሥራዬ እንዲህ ደስ ያለኝን ቀን ብቆጥር ብዙ አይሞላም።

እሑድ

ጋሽ ኃይሌ ፊልሙን ሰጡኝ። ጣት የሌለበት ማስረጃ ማስረጃ አይደለም፣ እኔ ጋ ምን ያደርጋል አሉ። ተቆጥተው ይሁን ተደስተው አላወቅኩም። ቅዳሜ ማታ ከደካ ቦንጋ ስንመለስ እትዬ አበበች ጫማዬን በድንጋይ ተጭነው አቃንተውት ጠበቁኝ፤ አሁን ወደ ታች ተጣምሟል። ማር ሰጡኝ፣ ቦቲውንም ይዘሽው ሂጂ አሉኝ። ቦቲውን መለስኩ፣ ማሩን አልመለስኩም። በማለዳ ተነስቼ፣ ሻንጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ፊልሙን ከጀርባዬ አስደግፌ አዲስ አበባ ስገባ ከተማው መብራት አብርቶ ነበር።

ሰኞ

ቀዶ ሐኪሞቹ ሦስት ሆነው አዩት። ራሳቸው ለኩት፣ ተነጋገሩ፣ ቀጠሮውን ሰረዙት። በየዓመቱ እየተነሳች እንድትታይ ወሰኑ። እኔም አዲስ ሪፖርት ጽፌ የድሮዋን ዓረፍተ ነገሬን አወጣኋት።

ብርቄ ከሰዓት ክፍሌ መጣች። ለቀዶ ጥገናው ቀለሙን ያስለቀቀችውን ጥፍሯን እያየች «ይኼ ሁሉ መንገድ» አለችኝ። ምን ላድርግልሽ አልኳት፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

«ለጀማል ይጻፉለት» አለች።

«ነገርኩት እኮ። በዓይኑ አሳየሁት።»

«አውቃለሁ። ግን ማታ ሲተኛ መልሶ ይጠራጠራል። ወረቀት ይኑረው።»

ሃያ ዓመት ስሠራ ሪፖርት ለሐኪም እንጂ ለባለ ሱቅ ጽፌ አላውቅም። ኮምፒውተሬን ከፍቼ አጭር አድርጌ ጻፍኩ፤ በጉበት ላይ ያለው እብጠት በአደጋው ዕለት በተነሳው ፊልም ላይ ይታያል፣ ጉዳት የሌለው ነው፣ አደጋው ያመጣው አይደለም። ፈርሜ ማኅተም መታሁበት። ብርቄ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ከላይ የበሽተኛው ስም የሚጻፍበትን ባዶ ቦታ በጣቷ አሳየችኝ።

«እዚህ ላይ የጀማልን ስም ያድርጉት» አለችኝ።

አደረግኩት።